ጭኜዋለሁ፣ የለም ይለኛል

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ድረ ገጽ ስለሚሠራበት ስለ ፒኤችፒ ቋንቋ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ተጨማሪ ችሎታ ስለሚሰጡት ቅጥያዎች ናቸው። አንዱ አልጫን ብሎታል፣ ሌላዋ ጭናው አይታያትም፣ ሌላው ደግሞ ትናንት ሲሠራ የነበረው ዛሬ ጠፍቶበታል። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፤ ተርሚናል ላይ ስትተይቡ ግን በላቲን ፊደል፣ ያውም በትንንሹ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ኢንጂንኤክስ የሚባለው የድር ሰርቨርና ፒኤችፒ 8.3 አለኝ። ኤምቢስትሪንግ የሚባለው ኤክስቴንሽን ያስፈልጋል ስለተባልኩ በአፕት፣ በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ፣ ጫንኩት። ተርሚናል ላይ «ፒኤችፒ ሰረዝ ኤም» ስል ዝርዝሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ። ገጹን በብራውዘር ስከፍት ግን «ኮል ቱ አንዲፋይንድ ፈንክሽን ኤምቢ ስትርሌን» ይለኛል። ኢንጂንኤክስንም ሪስታርት አድርጌዋለሁ። አንዱ እየዋሸኝ ነው፤ የቱ ነው? (ግራ የገባው)

መልስ፦ ማንም አልዋሸህም ወንድሜ። አንተ የጠየቅከው ሌላ ፒኤችፒ ነው፣ ገጹን የሚሠራልህ ሌላ። ተርሚናል ላይ የምትጠራው ሲኤልአይ ይባላል፤ ትዕዛዝህን ይፈጽምና ወዲያው ይዘጋል። ለድረ ገጹ የሚሠራው ደግሞ ኤፍፒኤም ነው፤ እሱ ከተነሳ በኋላ ከጀርባ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሁለቱም የየራሳቸው ማስተካከያ አላቸው። ኢቲሲ ውስጥ ገብተህ፣ ከዚያ ፒኤችፒ፣ ከዚያ 8.3 የሚለውን ፎልደር ክፈት። ሲኤልአይ የሚባል ፎልደር ታያለህ፣ ኤፍፒኤም የሚባል ሌላ ታያለህ፣ አፓቺ የሚባለው ሌላው የድር ሰርቨር ተጭኖ ከነበረ ደግሞ የሱም አለ። እያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ አንድ ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ (ማስተካከያው የሚጻፍበት ፋይል) እና ኮንፍ ዶት ዲ የሚባል ፎልደር አለ። ስለዚህ «ፒኤችፒ ሰረዝ ኤም» የነገረህ ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ ስለ ጎረቤቱ ምንም አያውቅም።

ተርሚናሉን ተወውና ብራውዘሩን ጠይቀው። አንድ ፋይል ፍጠር፣ ውስጡ ፒኤችፒኢንፎ የሚለውን ፈንክሽን ብቻ ጥራ፣ ከዚያ በብራውዘር ክፈተው። ገጹ ረጅም ነው፣ አትደንግጥ፤ ለአሁኑ የሚጠቅምህ ከላይ ያለው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ቨርዥኑን እይ። «ሰርቨር ኤፒአይ» የሚለው መስመር ኤፍፒኤም ይላል ወይስ አፓቺ? «ሎድድ ኮንፊገሬሽን ፋይል» የሚለው የትኛውን አይኤንአይ እንዳነበበ ከነአድራሻው ይነግርሃል። ከሱ በታች ደግሞ በተጨማሪ ያነበባቸው ትንንሽ አይኤንአይ ፋይሎች ተዘርዝረዋል። ኤምቢስትሪንግ እዚያ ውስጥ ከሌለ፣ ያኛው ፒኤችፒ አላነበበውም ማለት ነው፤ አለቀ።

አሁን እንደሚታየው ነገር ይለያያል። ቨርዥኑ 8.3 ሳይሆን 8.1 ብሎ ብቅ ካለ፣ ያኔ ችግሩ ኤክስቴንሽኑ አይደለም። ምናልባት ከኡቡንቱ 22.04 አሻሽለህ ነው የመጣኸው፤ የድሮው ኤፍፒኤም አሁንም አለ፣ ኢንጂንኤክስም ጥያቄውን ሁሉ የሚልከው ለሱ ነው። የድረ ገጽህን የኢንጂንኤክስ ፋይል ክፈትና «ፋስትሲጂአይ ፓስ» የሚለውን መስመር ፈልግ፤ የሶኬቱ (የሁለቱ መገናኛ) ስም ላይ ያለውን ቁጥር አይተህ ወደ 8.3 ለውጠው። ይሄኔ ኢንጂንኤክስን ሪሎድ ማድረግ ይጠቅማል።

ቨርዥኑ ትክክል ሆኖ ኤምቢስትሪንግ ብቻ ከሌለ ግን ኢንጂንኤክስን ደጋግመህ ብታስነሳው ፋይዳ የለውም። ኢንጂንኤክስ ሆድ ውስጥ ፒኤችፒ የለም፤ እሱ መልእክተኛ ነው። አይኤንአይ ፋይሎቹን የሚያነበው ኤፍፒኤም ነው፣ እሱም የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነው። «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ፒኤችፒ8.3 ሰረዝ ኤፍፒኤም» በል። አፓቺ ላይ በሞጁል መልክ የሚሠሩት ግን አፓቺን ራሱን ነው የሚያስነሱት፣ ምክንያቱም እዚያ ፒኤችፒው አፓቺ ውስጥ ነው ያለው።

ይሄም ካልሠራ ለኤፍፒኤም አልበራም ማለት ነው። መጫንና ማብራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሲጫን፣ ዩኤስአር ሊብ ፒኤችፒ ውስጥ 20230831 የሚል ቁጥር ያለው ፎልደር አለ፣ እዚያ አንድ የኤስኦ ፋይል ይቀመጣል። ያ ፋይል እዚያ መቀመጡ ብቻውን ምንም አያደርግም። «ኤክስቴንሽን እኩል ይሆናል ኤምቢስትሪንግ» የምትል አንዲት መስመር የሆነ አይኤንአይ ውስጥ መኖር አለባት። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ያቺ መስመር «ሞድስ አቬይለብል» በሚባለው ፎልደር ውስጥ በራሷ ፋይል ትቀመጣለች፤ ከዚያ ኤፍፒኤም ኮንፍ ዶት ዲ ውስጥ ወደሷ የሚያመለክት ሊንክ ይኖራል። ሊንኩን በእጅህ አትፍጠር። «ፒኤችፒኢንሞድ» የሚባል ትዕዛዝ አለ፣ የኤክስቴንሽኑን ስም ትሰጠዋለህ፣ እሱ ለሁሉም ያበራልሃል። ማጥፊያው «ፒኤችፒዲስሞድ» ነው።

ኮንፍ ዶት ዲን ስትከፍት ከፋይሎቹ ስም ፊት 10 እና 20 የሚሉ ቁጥሮች ታያለህ። ለጌጥ አይደሉም፣ የመጫኛ ቅደም ተከተል ናቸው። የዳታቤዝ ማገናኛው ፒዲኦ 10 ነው፣ የማይኤስኪውኤል ነጂው 20 ነው፤ ነጂው ያለ ፒዲኦ መቆም ስለማይችል። ስሙን «ላስተካክል» ብሎ የነካካ ሰው በማግሥቱ «አንዲፋይንድ ሲምቦል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያገኛል፣ ከየት እንደመጣም አያውቅም።

ደግሞ «የጽሑፍ ርዝመት የሚቆጥረው ስትርሌን አለ አይደል፣ ኤምቢውን ለምን አልተወውም?» ብለህ እንዳታስብ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» የሚለውን ቃል ተራው ስትርሌን 9 ይለዋል፣ ኤምቢ ስትርሌን ደግሞ 3። ርዕስ ለማሳጠር በተራው መቁረጫ ፈንክሽን በሰብስትር በ10ኛው ባይት ላይ ከቆረጥከው አራተኛው ፊደል መሐሉ ላይ ይሰነጠቃል፣ አንባቢህም መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር አልማዝ ያያል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ኤምቢስትሪንግ እንደ ተጨማሪ የሚታይ ነገር አይደለም።

ስትጨርስ የፒኤችፒኢንፎውን ፋይል አጥፋው። የሰርቨርህን ጓዳ ለአላፊ አግዳሚው አታሳይ።

ጥያቄ፦ እኔ ዊንዶውስ ላይ በዛምፕ (አፓቺንና ፒኤችፒን አንድ ላይ በሚጭነው ጥቅል) ነው የምሠራው፣ ፒኤችፒዬ 8.2 ነው። ሬዲስ ከሚባለው የዳታ ማከማቻ ጋር የሚያገናኘው ኤክስቴንሽን ስላስፈለገኝ አንድ ዲኤልኤል ከኢንተርኔት አወረድኩና ኤክስት ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ ላይም መስመሩን ጨመርኩ፣ አፓቺንም አጥፍቼ አበራሁ። ምንም የለም። (ሳምንቱን ሙሉ የታገለችው)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ከየት ነው ያወረድሽው? «የጠፋ ዲኤልኤል እዚህ ያግኙ» ከሚሉ ገጾች ከሆነ አሁኑኑ አጥፊው። ዲኤልኤል ማለት ኮምፒውተርሽ ላይ የሚሮጥ ፕሮግራም ነው፤ ከማያውቁት ሰው እጅ አይወሰድም። የፒኤችፒ ኤክስቴንሽኖች ማከማቻ በሆነው በፔክል ላይ ወይም የፒኤችፒ የዊንዶውስ ማውረጃ ገጽ ላይ ለሬዲስ የተዘጋጀ አለ።

እዚያ ስትደርሺ ዚፖቹ በርካታ ናቸው፣ ስማቸውም ረጅም ነው፤ ቁልፉ ያለው ስሙ ውስጥ ነው። 8.2 የሚለው የፒኤችፒው ቨርዥን ነው። ቲኤስ ወይም ኤንቲኤስ የሚለው ትሬድ ሴፍ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄዱ ሥራዎች የተዘጋጀ) መሆን አለመሆኑን ይናገራል። ቪኤስ16 የተሠራበት ኮምፓይለር ነው። ኤክስ64 ወይም ኤክስ86 ደግሞ 64 ቢት ነው ወይስ 32። አራቱም ካንቺ ፒኤችፒ ጋር መግጠም አለባቸው፤ ሦስቱ ገጥመው አንዱ ካልገጠመ አይጫንም። የራስሽን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም፦ ፒኤችፒኢንፎ ላይ «ፒኤችፒ ኤክስቴንሽን ቢልድ» የሚል መስመር አለ፣ ኤፒአይ20220829፣ ቲኤስ፣ ቪኤስ16 ብሎ ቁልጭ አድርጎ ይነግርሻል። «አርኪቴክቸር» የሚለው ደግሞ ቢቱን። ዛምፕ ላይ ፒኤችፒው አፓቺ ውስጥ ስለሚሠራ ቲኤስ ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው ኤንቲኤሱን አውርዶ ነው ፀጉሩን የሚነጨው።

ሌላ ሁለት ነገር ላክልልሽ። ኖትፓድ አንዳንዴ አይኤንአዩን ሴቭ ሲያደርግ መጨረሻው ላይ ዶት ቲኤክስቲ ይቀጥልበታል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያንን ጭራ ስለሚደብቀው አይታይሽም፤ እንዲያሳይሽ አድርጊና አረጋግጪ። ሁለተኛው የባሰ አሳሳች ነው። «ስፔሲፋይድ ሞጁል ኩድ ኖት ቢ ፋውንድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየሽና ፋይሉ ዓይንሽ እያየ እዚያው ካለ፣ ጠፋ የተባለው እሱ ላይሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ የሚፈልገው ሌላ ዲኤልኤል ሊሆን ይችላል። ቀንና ገንዘብን በየቋንቋው የሚያሳየው ኢንትል ይሄ አመል አለበት፦ አይሲዩ የሚባሉት የሚፈልጋቸው ፋይሎች የፒኤችፒው ዋና ፎልደር ውስጥ ናቸው፣ አፓቺ ግን እዚያ ላይፈልጋቸው ይችላል። የፒኤችፒውን ፎልደር ዊንዶውስ ፋይል የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር በሆነው ፓዝ ውስጥ አስገቢና አፓቺን እንደገና አስነሺ።

ከፒኤችፒው ጋር አብረው የሚመጡትን፣ ጂዲን (የሥዕል ኤክስቴንሽኑን)፣ ኢንትልን፣ ከርልን የመሳሰሉትን ለማብራት ግን ምንም ማውረድ የለብሽም። አይኤንአዩ ውስጥ መስመራቸው አለ፣ ፊቱ ላይ ያለችውን ሴሚኮለን ማንሳት ብቻ ነው። ከ7.2 ጀምሮ ስሙን ብቻ መጻፍ ይበቃል፣ የፋይሉን ሙሉ ስም መጻፍ ቀርቷል። የድሮ መመሪያ እየተከተልሽ «ጂዲ2» ብለሽ ከጻፍሽ ደግሞ ከ8.0 ወዲህ ስሙ «ጂዲ» ብቻ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ከ8.2 ወደ 8.3 ካሻሻልኩ በኋላ ሬዲስ ጠፋ። በፔክል ነበር የጫንኩት። አሁን ፒኤችፒ በተነሳ ቁጥር ስለ ሁለት ረጃጅም ቁጥሮች ያወራል፤ 20220829 እና 20230831። ኤስኦ ፋይሉን ከድሮው ፎልደር ወደ አዲሱ ኮፒ አድርጌዋለሁ፣ ያው ነው። (ጌታ)

መልስ፦ ኮፒ ማድረግህ ነው ማስጠንቀቂያውን ያመጣው። ቁጥሮቹ ቀን ናቸው፤ የመጀመሪያው የ8.2 የውስጥ ኤፒአይ (ኤክስቴንሽኖች ከፒኤችፒው ጋር የሚገናኙበት ደንብ) ነው፣ ሁለተኛው የ8.3። ለአንዱ የተገነባ ኤክስቴንሽን ሌላው ላይ አይጫንም፣ እንደገና መገንባት አለበት። ለ8.3 የተዘጋጀውን የዴቭ ፓኬጅ ጫን፣ ምክንያቱም ኤክስቴንሽንን ለግንባታ የሚያዘጋጀው «ፒኤችፒአይዝ» የሚባለው መሣሪያ የሚገኘው እሱ ውስጥ ነው። ሁለት ቨርዥን ያለበት ማሽን ላይ ፒኤችፒአይዙም ሁለት ስለሚሆን የትኛው እየተጠራ እንደሆነ አጣራ፤ አለበለዚያ ሳታውቀው ለ8.2 ደግመህ ትገነባለህ።

እኔ ብሆን ግን በፔክል አልደግመውም። ሬዲስ ለኡቡንቱም ለዴቢያንም በአፕት አለ። በአፕት የጫንከው ከፒኤችፒው ጋር አብሮ ይሻሻላል፣ በእጅህ የገነባኸው ግን ዕድሜ ልኩን ያንተ ጣጣ ነው። ፔክል የሚያስፈልገው ፓኬጅ ለሌለው ወይም በጣም አዲስ ቨርዥን ለሚፈልግ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ፓይ የሚባል የፔክልን ቦታ እንዲይዝ የታሰበ አዲስ መጫኛ መጥቷል፤ አዲስ የምትጀምር ከሆነ እሱን ሞክረው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ኤክስቴንሽን አንዴ አብርቼ ብገላገልስ?

መልስ፦ አትገላገልም። እያንዳንዱ ማህደረ ትውስታ ይወስዳል፣ እያንዳንዱ የራሱ የደህንነት ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል፣ የማትጠቀምበትን ማዘመንም ሥራ ነው። በተለይ የኮድ ስህተት መፈለጊያውን ኤክስዲበግን ሰው በሚጎበኘው ሰርቨር ላይ አታብራ፣ ሁሉንም ነገር ያዘገየዋል። በራስህ ማሽን ላይ ስታበራው ደግሞ መስመሩ «ኤክስቴንሽን» ሳይሆን «ዜንድ ኤክስቴንሽን» ብሎ እንደሚጀምር አስታውስ።

ጥያቄ፦ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ነኝ፤ ሩት (በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን) የለኝም። ዩዘር ዶት አይኤንአይ ፋይል ውስጥ ኤክስቴንሽን ብዬ ጻፍኩ፣ በኮዴም ውስጥ አይኤንአይ ሴት በሚባለው ፈንክሽን ሞከርኩ። ሁለቱም ዝም። (ከአንድ ጡረታ የወጡ መምህር)

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም መንገድ አይሠራም፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ኤክስቴንሽን የሚጫነው ፒኤችፒው ሲነሳ ከዋናው አይኤንአይ ነው፣ ኮድዎ መሮጥ ሲጀምር ሰዓቱ አልፏል። የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ የፒኤችፒ ቨርዥን የሚመረጥበት ቦታ ካለ ይግቡና ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው የኤክስቴንሽኖቹ ዝርዝር ከነምልክት ማድረጊያ ሳጥኑ ይገኛል። ከሌለ ለድጋፍ ክፍላቸው ይጻፉላቸው፣ የኤክስቴንሽኑን ስምና የፒኤችፒውን ቨርዥን ጠቅሰው። እምቢ ካሉ ሆስቲንግ መቀየር እንጂ ሌላ ብልሃት የለም።

ጥያቄ፦ የፒኤችፒ ላይብረሪዎችን የሚጭነው ኮምፖዘር «ኤክስት ኢንትል ከሲስተምህ ላይ የለም» ብሎ አልጭንም አለ። ጓደኛዬ «ኢግኖር ፕላትፎርም ሬክስ» የሚለውን ጨምርበት አለኝ፣ ጨመርኩ፣ ተጫነ። ጨርሻለሁ አይደል? (ቸኳዩ)

መልስ፦ አልጨረስክም፣ ለችግሩ ቀጠሮ ነው የሰጠኸው። ኮምፖዘር የከለከለህ ኮዱ ውስጥ ኢንትልን የሚጠራ ቦታ ስላለ ነው። አሁን ተጭኗል፣ ገጹም ይከፈት ይሆናል፤ ከዚያ አንድ ቀን ተጠቃሚ ቀን ወይም ገንዘብ የሚታይበትን ገጽ ሲነካ «ክላስ ኢንትልዴትፎርማተር ኖት ፋውንድ» ብሎ ይወድቃል። ኢንትልን ጫን፣ ያንን ትእዛዝ ያለዚያ ማለፊያ ድገመው። ኮምፖዘር ራሱ በሲኤልአይ እንደሚሮጥ ደግሞ አትርሳ፤ እሱ ረካ ማለት ኤፍፒኤምም አለው ማለት አይደለም። «ኮምፖዘር ቼክ ፕላትፎርም ሬክስ» የጎደለውን ሁሉ በአንዴ ይዘረዝርልሃል፣ አንድ አንድ እያለ ከሚያበሳጭህ።

ጥያቄ፦ ከቀድሞ ባልደረባ የቆየ ፕሮጀክት ተረክቤያለሁ። አዲሱ ሰርቨር ላይ ሳደርገው «ማይኤስኪውኤል ኮኔክት» የለም ይላል፣ አንዱ ፋይል ደግሞ ኤምክሪፕት የሚባለውን የምስጠራ ኤክስቴንሽን ይፈልጋል። የትኛውን ፓኬጅ ልጫን? ወይስ ፒኤችፒ 5.6 ፈልጌ ልመልሰው? (ወራሹ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው የምትጭነው ፓኬጅ የለም። ያ የድሮ ማይኤስኪውኤል ኤክስቴንሽን በ5.5 ላይ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በወጣው 7.0 ጭራሽ ተነስቷል። ስሙ የሚመስለውን የማይኤስኪውኤል ፓኬጅ ብትጭን የሚመጡልህ ማይኤስኪውኤልአይ እና የፒዲኦ ነጂው ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ኮዱን ነው የምትለውጠው። ጥሪዎቹ በጥቂት ፋይሎች ከተሰበሰቡ ወደ ፒዲኦ ቀይራቸው፣ ያውም ከተጠቃሚ የመጣውን ሁሉ በፕሪፔርድ ስቴትመንት (ዳታውን ከኤስኪውኤሉ ለይቶ በሚልከው መንገድ) እያሳለፍክ፤ የዚያ ዘመን ኮድ ብዙ ጊዜ ኤስኪውኤሉን ከፎርሙ በቀጥታ እየለጣጠፈ ነው የሚሠራው።

ኤምክሪፕትም በ7.2 ላይ ከዋናው ወጥቷል። ፔክል ላይ አለ፣ ግን አልመክርህም። በሱ ተመስጥሮ የተቀመጠ ዳታ ካለህ አንዴ ለመፍታት ብቻ ተጠቀምበት፣ ከዚያ በኦፕንኤስኤስኤል ወይም በሶዲየም እንደገና መስጥረው። ሶዲየም ከ7.2 ጀምሮ ከፒኤችፒው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው።

5.6ን እርሳው። የደህንነት ጥገናው ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ይሄ የመነሳት ነገር ደግሞ የድሮ ታሪክ ብቻ እንዳይመስልህ፤ በ8.4 ላይ አይማፕ ከዋናው ወጥቶ ወደ ፔክል ሄዷል። ፕሮጀክቱ ኢሜይል የሚያነብ ከሆነ ከመሻገርህ በፊት ፈትሸው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ በሚያስኬደው በዶከር ኮንቴይነር ውስጥ ገብቼ ጂዲን ጫንኩ፣ ሠራ። ኮንቴይነሩን ሳጠፋና እንደገና ስፈጥር የለም። በአፕት «ፒኤችፒ ሰረዝ ጂዲ» ልጭን ስልም አይገኝም ይላል።

መልስ፦ ኮንቴይነር ውስጥ ገብተህ የሠራኸው ከኮንቴይነሩ ጋር ይሄዳል፤ የኮንቴይነሩ አሠራር በሚጻፍበት በዶከርፋይሉ ላይ ነው መጻፍ ያለበት። አፕቱ እምቢ ያለህ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው። የፒኤችፒ ይፋዊ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚፈጠርበት ቅጂ) ውስጥ ያለው ፒኤችፒ ከሶርስ ተገንብቶ ዩኤስአር ሎካል ውስጥ የተቀመጠ ነው፣ የዴቢያኑ አይደለም፤ የዴቢያኑን ፓኬጅ ቢፈቅዱልህ ሁለተኛ ፒኤችፒ ይዞብህ ይመጣ ነበር፣ ጂዲውም ለማይፈለገው ይበራ ነበር። በሱ ፈንታ «ዶከር ፒኤችፒ ኤክስት ኢንስቶል» የሚል ትዕዛዝ አብሮ ተቀምጧል። ለጂዲ አስቀድመህ የፒኤንጂ፣ የጄፔግና የፍሪታይፕ የዴቭ ላይብረሪዎችን በአፕት ጫን፣ ከዚያ «ዶከር ፒኤችፒ ኤክስት ኮንፊገር» ላይ ጄፔግና ፍሪታይፕ እንዲገቡ ንገረው፣ ከዚያ ኢንስቶል። ኮንፊገሩን ከዘለልከው ጂዲ ይጫናል፣ ጄፔግ ግን አይከፍትም፣ አንተም ሥዕሉ የተበላሸ መስሎህ ስትለፋ ትውላለህ።

ሬዲስን የመሰለውን በፔክል ከጫንክ ደግሞ ፔክል ገንብቶ ብቻ ነው የሚተውልህ። ቀጥሎ «ዶከር ፒኤችፒ ኤክስት ኢኔብል ሬዲስ» የምትል መስመር ጨምርበት።